የጋፋት እንግዶችና የጋይንት ጎረቤቶች

በአገራችን ከተማ የቆረቆረ ሰው ስሙ ከከተማው ጋር ይነሣል። ጎንደር ሲባል ዐፄ ፋሲል፣ ደብረ ታቦር ሲባል ራስ ጉግሣ፣ አዲስ አበባ ሲባል እቴጌ ጣይቱ ይታወሳሉ። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋት ግን የምትታወሰው በአንድ መድፍ ነው። ጋፋት ያለ ሁሉ ሴባስቶፖልን ያስባል። መድፉን ያቀለጡት ሰዎች ከዚያ ቤት ሠርተው፣ ሚስት አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ልጆቻቸውን እያስተማሩ ለዓመታት መኖራቸው፣ በጉና ግርጌ የአውሮፓውያን መንደር ተመሥርቶ እንደነበረ፣ ከመድፉ ዝና ሥር ተሸፍኖ ቀርቷል።

ለመሆኑ መንደር የሚመሠረተው በማን ነው? መጥተው በሰፈሩት ሰዎች ነው ወይስ ቀድሞ በነበረውና በተቀበላቸው ጎረቤት? ጥያቄው ከጋፋት ያልፋል። ከጉና ማዶ ያሉት የእስቴ፣ የጋይንትና የስማዳ ሰዎች ነገሩን ከሁለቱም ወገን ያውቁታል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ተቀብለው ለዘመናት አኑረዋል፤ እነርሱም በተራቸው ቀዬአቸውን ለቀው በሰው አገር ሰፍረዋል።

የጋፋት ነገር የተጀመረው በስዊስ አገር፣ በባዝል ከተማ አጠገብ ነው። እዚያ በ1840 እ.ኤ.አ. ክሪስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር የቅድስት ክሪሾና ሚስዮን የሚባል ትምህርት ቤት አቋቋመ። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው የገበሬና የእጅ ባለሙያ ልጆችን ነበር። ሐሳቡም የራሱ መልክ ነበረው። ወንጌል የሚሰብከው ሰው ካህን መሆን የለበትም፤ አናጢ፣ ግንበኛ፣ ቀጥቃጭ ሆኖ በሰው አገር ይቀመጥ፣ በእጁ ሥራ ይደር፣ ኑሮው ራሱ ስብከት ይሁን የሚል ነበር። ቀደም ሲል በጎንደር የተቀመጠውና ኋላ የኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ለእነዚህ ሠራተኞች ኢትዮጵያን አሳያቸው። በ1855 እ.ኤ.አ.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም በነገሡበት ዓመት፣ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ መንገዱን ሊያጠኑ መጡ። በዓመቱ ፍላድ ከጓደኞቹ ከቤንደር፣ ከማየርና ከኪንዝለን ጋር ተመለሰ። ቴዎፊል ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ኋላ ተከተሉ። ከሚስዮኑ ውጭም ሌሎች ተጨመሩ፤ ሞሪትዝ ሃል የተባለ ፖላንዳዊ፣ ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ፣ ቀድሞ ከትግራይ ገዥ ከደጃዝማች ውቤ ዘንድ የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር።

ንጉሡና እንግዶቹ የተገናኙት እያንዳንዳቸው ሌላ ነገር ፈልገው ነው። እንግዶቹ መጽሐፍ ቅዱስ ማደልና ማስተማር ፈለጉ። ንጉሡ ደግሞ የሚሠራ እጅ ፈለጉ። ስለ ሃይማኖት የሰጡት ፈቃድ ጠባብ ነበር፤ የኦርቶዶክሱን ምእመን እንዳይነኩ፣ ለቤተ እስራኤል ቢሰብኩ ግን ያመነው በአገሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ። ፍላድ በዚህ ፈቃድ ወደ ደምቢያ፣ ወደ ጀንዳ ሄደ። የቀሩት በጋፋት ተቀመጡ፤ መንገድ ሠሩ፣ ጋሪ ሠሩ፣ የተበላሸ መሣሪያ ጠገኑ። ቀጥሎ መድፍ አቅልጡ ተባሉ። አንችልም፣ አልተማርነውም አሉ። ዋልድማየር በጻፈው ታሪኩ እንደሚነግረን፣ ንጉሡ አሽከሮቻቸውን በሰንሰለት አሰሩባቸው፤ እነርሱም እንሞክር አሉ። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ ደግመው ሞከሩ፣ በመጨረሻ ተሳካላቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኑሮው ግዞት ይመስል ነበር ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ንጉሡ ይወዷቸው ነበር፤ የሐር ቀሚስና በቅሎ ሰጧቸው፣ ወደ ቤታቸው እየመጡ ሥራቸውን ያዩላቸው ነበር። ዋልድማየር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ። ቤል የቴዎድሮስ ወዳጅና ባለሟል ሆኖ ኖሮ በ1860 እ.ኤ.አ. በጦር ሜዳ የሞተ ሰው ነው፤ የልጆቹ እናት ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ዛልሙለርም ሌላዋን የቤል ልጅ አገባ። ሞሪትዝ ሃል ያገባት ካታሪናም የኢትዮጵያ ደም ነበራት። እንግዲህ በጋፋት የተወለዱት ሕፃናት ግማሽ ጎናቸው የዚሁ አገር ነበር። አማርኛ የሚናገሩ፣ የጉናን ብርድ የሚያውቁ ልጆች። የሥጋ ዝምድና ብቻውን ሰውን የአገር ልጅ የሚያደርገው ቢሆን ኖሮ ጋፋት ዛሬም የእነዚያ ልጆች የልጅ ልጆች መንደር በሆነች ነበር።

አልሆነችም። ምክንያቱን ለማግኘት ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ወደ ገበሬው ደጅ መሄድ ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን በበጌምድር ገበሬ ዘንድ መሬት የሚገኘው በትውልድ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ ያቀናውን አባት ስም ጠርቶ፣ የትውልዱን ሐረግ ቆጥሮ፣ ዘመዶቹ ፊት ይከራከራል። በዚህ ሥርዓት እንግዳ ሰው መሬት የሚያገኘው ወይ በጋብቻ፣ ወይ በጭሰኝነት፣ ወይ በንጉሥ ቃል ነው። የጋፋቶቹ በንጉሥ ቃል አገኙ። የንጉሥ ቃል ደግሞ በንጉሡ ዕድሜ የሚለካ ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬ ስለ መቀመጣቸው አልተጠየቀም፤ እነርሱም ጎረቤቶቻቸውን ለመጠየቅ አልተገደዱም። ለሠርክ ኑሮአቸው የሚያስፈልገው ከግቢ ይመጣላቸው ነበር። ግቢው ያንን ከየት አመጣው? ከገበሬው ጎተራ። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ሠራዊቱ በጌምድርን ሲዘርፍና ሲያቃጥል፣ በሬው የተነዳበት የፎገራና የፋርጣ ገበሬ ጋፋትን እንደ ጎረቤት መንደር ሊያይ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ፣ ከመሬቱም ይልቅ የሚያሳዝን። የጋፋት ሰዎች ይዘውት የመጡት ሀብት የእጅ ሥራ ነበር፤ አገሩ ደግሞ የእጅ ባለሙያን ይንቅ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን ቡዳ እያለ ያርቅ ነበር። ያለ ማረሻ እርሻ የለም፤ ማረሻውን የሠራውን ሰው ግን ወደ ማዕዱ ያላቀረበ ኅብረተሰብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህንን ለመስበር ከሞከሩት ነገሥታት አንዱ ናቸው፤ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲፈነቅሉና መንገድ ሲያስተካክሉ የዓይን ምስክሮች ጽፈውላቸዋል። ነገር ግን ሥራውን ያከበሩት ለጥድፊያና ለጦርነት ነው። በጋፋት ከአውሮፓውያኑ ጋር ወናፍ የነፉ፣ ከሰል ያከሰሉ፣ ሸክላውን ያበጁ፣ መዳብና ናሱን ያቀለጡ ብዙ የአገር ሰዎች ነበሩ። የማናቸውም ስም ወደ እኛ አልደረሰም። ከእነዚያ ሰዎች ውስጥ አሥሩ እንኳ ሞያውን ይዘው በደብረ ታቦር፣ በእስቴ፣ በጋይንት ገበያዎች ሱቅ ቢከፍቱ የአገሪቱ ታሪክ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዐዋጁ ማስፈለጉ ራሱ፣ ከጋፋት በኋላ በአርባ ዓመት ንቀቱ ቦታውን እንዳልለቀቀ ይመሰክራል።

ፍጻሜው ይታወቃል። ንጉሡ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ፣ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሩን ታሰረ፣ ፍላድ በ1866 እ.ኤ.አ. ሌሎች ባለሙያዎችን እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ተላከ። ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ አላለፉም። ይህ ቅንጣት ታሪክ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል፣ ግን ሊነገር ይገባዋል፤ ቴዎድሮስ ከጦርነቱ በፊት የጠየቁት ሁለተኛ ጋፋት ነበር።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ በጋይንት በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ አቀና። ጋይንትን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ደጋው ሜዳ ይመስልና ድንገት ገደል ይሆናል፤ አንድ ሸለቆ ወርዶ ለመውጣት ዛሬም ቀን ይፈጃል። መድፉ ከመምጣቱ በፊት መንገዱ መሠራት ነበረበት፤ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ዳገቱ እየተቆረጠ። ጉዞው ግማሽ ዓመት ገደማ ወሰደ። የጋፋት ሰዎች ከነሚስቶቻቸውና ከነሕፃኖቻቸው አብረው ተጓዙ። መንደራቸው ከኋላቸው ባዶ ቀረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ እስረኞቹን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር አውሮፓውያኑን ይዞ ወደ ባሕር ወረደ። ብዙዎቹ መሄድ ፈልገው ይሁን ሳይፈልጉ፣ የመቅረት ምርጫ አልተሰጣቸውም። እዚህ የተወለዱት ልጆችም ተጭነው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የደረሱበትን መከተል ያስተምራል። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በ1873 እ.ኤ.አ. በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ኋላም በቤሩት አጠገብ በአስፉሪዬ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ። የብሩማና ትምህርት ቤት ዛሬም ይሠራል። በጋፋት መድፍ እንዲያቀልጥ የተገደደው ሰው ሌላ አገር ሲደርስ የቆመ ተቋም ትቷል፤ እንግዲህ ጉድለቱ የችሎታ ወይም የፍላጎት አልነበረም። ሞሪትዝ ሃል ደግሞ ያፋ ገባ። በመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ልጁ ማግዳሌና ከሩሲያ የመጣ ባላባት አግብታ፣ የታዋቂው የፊልም ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ለመሆን በቃች።

ሃል የተቀመጠበት ያፋ ራሱ የሰፋሪዎች አገር ነበር። በ1866 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ሜይን ግዛት ከ150 የሚበልጡ ሰዎች የእንጨት ቤታቸውን ፈርሶ እንደሚገጣጠም አድርገው በመርከብ ጭነው፣ ቅድስት አገርን እናርሳለን ብለው እዚያ ወረዱ። በሽታና ረሃብ ቶሎ በተናቸው። ቤቶቻቸውን ከጀርመን ቩርተምበርግ የመጡ ቴምፕለር የሚባሉ ሃይማኖተኞች ገዙ፤ እነዚህም በ1871 እ.ኤ.አ. ሳሮና የሚባል የእርሻ መንደር መሠረቱ። ሳሮና ብርቱካንና ወይን አፈራ፣ ሦስት ትውልድ ቆየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ነዋሪዎቹን እንደ ጠላት ዜጋ ያዟቸው፤ ብዙዎቹን በ1941 እ.ኤ.አ. ወደ አውስትራሊያ ላኳቸው። ዛሬ ቤቶቹ በቴል አቪቭ መካከል ታድሰው ቆመዋል፣ ሰዎቹ የሉም። መሬታቸውን በገንዘብ ገዝተው ነበር፣ ውል ነበራቸው። ውሉ ከመንግሥት ጋር እንጂ ከዙሪያው ሕዝብ ጋር የተጋመደ ስላልነበረ፣ መንግሥት ሲለወጥ ውሉ አብሮ ላላ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ የጋፋቶቹ እንግዶች በነበሩበት አገር ከሰባ ዓመት በኋላ ሌሎች አውሮፓውያን ገበሬዎች መጡ። እነዚህ ግን የመጡት ታንክ ተከትለው ነው። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ከያዘ በኋላ የራሱን ድሃ ገበሬ ሊያሰፍርባት ዐቀደ። ለጨርጨር የፑልያን ስም፣ ከጎንደር በስተ ሰሜን ላለችው ለወገራ የሮማኛን ስም ሰጠ፤ ሮማኛ የሙሶሊኒ የትውልድ አውራጃ ናት። ሆለታና ቢሾፍቱ ደግሞ ለቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ተሰጡ። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ባሮን ፍራንኬቲ በኤርትራ ደጋ ይህንኑ ሞክሮ ነበር። የገበሬው መሬት ተነጥቆ ለጣሊያናውያን ሲሰጥ፣ ቀድሞ የጣሊያን ወዳጅ የነበረው ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ዐመፀ፤ በሐላይ ሞተ። ከዚህ ታሪክ የፋሺስቱ ሹማምንት አልተማሩም። በወገራ አርበኛው በየሸንተረሩ ሳለ ጣሊያናዊው ገበሬ ሞፈሩንና ጠመንጃውን እኩል መያዝ ነበረበት። አገሩን ስንዴ እናበላለን ያሉት ሰዎች ዱቄት ከጣሊያን በመርከብ አስመጡ። ከታቀደው ሕዝብ የመጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከመጣውም በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ስትወድቅ የቀረ መንደር የለም። ለዚህ ሙከራ ማዘን አይገባም። ለተላኩት ድሃ ገበሬዎች ግን ማዘን ይቻላል፤ የሰው መሬት የራሳችሁ ነው ተብለው ተታልለዋል።

የአውሮፓ ሰዎች በጌምድር ላይ ያቀኑት መንደር እንግዲህ አንድም አልቀረም። በመንደሮቹ አጠገብ ሳይታወቅ የገባ አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እርሱም ድንች ነው።

ዊልሄልም ሺምፐር ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ ነበር። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ መጥቶ፣ በደጃዝማች ውቤ ዘመን እንትጮን ተሰጥቶት እያረሰና ዕፅዋት እየሰበሰበ ኖረ። ከቴዎድሮስም እጅ ወድቆ ከእስረኞቹ ጋር ተቆጥሯል፤ ከናፒየር ጋር ግን አልሄደም፣ በ1878 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ሞተ። ድንችን በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እርሱ እንደሆነ የእርሻ ሊቃውንት ይጽፋሉ። ሰው አልተገደደበትም፣ ዐዋጅ አልወጣበትም። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገበሬው ብዙም አላመነውም፤ ከመሬት በታች የሚያፈራ፣ በጎተራ የማይከተት፣ እንጀራ የማይሆን ነገር ነበር። ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ በሬውን ሲጨርስ፣ አንበጣና ድርቅ ሲደራረብ፣ ያለ በሬ በዶማና በመቆፈሪያ የሚተከል ተክል ትርጉም አገኘ። ከዚያ ወዲህ ድንች በደጋው ተስፋፋ።

ዛሬ በጉና ዙሪያ፣ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ ደጋ ድንች የሌለበት ጓሮ ማግኘት ይከብዳል። ገብሱ ሳይደርስ ጎተራው ሲራቆት፣ በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰብ የሚይዘው እርሱ ነው። በጾም ይበላል፣ በፍስክ ይበላል፣ ለደብረ ታቦር ገበያ ይወርዳል። ዋግ ሲመታው ሰዉ እንደ ዘመድ ያዝንለታል። ከባዕድ አገር መጣ ብሎ የሚያርቀው የለም፣ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅም ጥቂት ነው። ምን አድርጎ ነው ድንች የጋይንት የሆነው? ገበሬው በራሱ ጊዜ፣ በራሱ መሬት ዳር፣ በትንሽ መደብ ሞክሮ፣ ዘሩን ከጎረቤቱ ተቀብሎ፣ ለጎረቤቱ ሰጥቶ ነው። እምቢ የማለት መብት ነበረው፤ ለብዙ ዓመታትም እምቢ ብሏል። ከዚያ እሺ ሲል እሺታው እውነተኛ ሆነ። ጋፋት ያልነበራት ይህ ነው።

ለሰውም ቢሆን እንዲህ ያለ አቀባበል በዚሁ አካባቢ አለ፤ ለማየት ጋይንት ቤተልሔም መሄድ ይበቃል። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የቅዱስ ያሬድን ድጓ ተምሬ ጨርሻለሁ የሚል መምህር፣ ከየትም ይምጣ፣ እዚያ ሳይቆምና ሳይመሰክር ሙሉ ሰው አይባልም። ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ቤት ናት። ወደ እነዚህ ሥፍራዎች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ የሚመጡ ተማሪዎች ለዘመናት ሲጎርፉ ኖረዋል። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግበው የሚመጡ ልጆች ናቸው። ማንም ንጉሥ መሬት አልሰጣቸውም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆ ይቀልሳሉ፤ ሲመሽ ወደ መንደር ወጥተው በእንተ ስማ ለማርያም ይላሉ። የጋይንት ገበሬ፣ ራሱ ያልጠገበው፣ ከልጆቹ አፍ ቆርሶ ይሰጣቸዋል።

ይህ የእንግዶች መንደር ነው፤ ነዋሪው በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፣ መንደሩ ግን አይፈርስም። የኔታ ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ሰው ናቸው፤ ለመማር መጥተው፣ መምህር ሆነው፣ እዚያው አርጅተው እዚያው ይቀበራሉ። የአገሩ ሰውም የእኛ የኔታ ይላቸዋል። ከእርሳቸው የተማረው የጋይንት ልጅ በተራው ጎጃም ወይም ሸዋ ሄዶ ያስተምራል። ነገሥታት ተለዋወጡ፣ ጣሊያን መጥቶ ሄደ፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትና ጉልትን ሻረ፣ የቤተ ክርስቲያኑም መሬት ሄደ። ትምህርት ቤቱ ቆየ። የቆየበት ምክንያት በየማታው ይታደሳል፤ አንዲት እናት ደጇ ለቆመ ልጅ ቁራሽ በሰጠች ቁጥር መንደሩ እንደገና ይመሠረታል። ልጁም የሚመልሰው አለው፤ ሲሞቱ ይዘምርላቸዋል፣ ሲታመሙ ይጸልይላቸዋል፣ ደብዳቤ ያነብላቸዋል። የተፈለገበትን ነገር በፈቃዱ ይሰጣል። በጋፋት ግን ሰጪው እየታሰረ ሰጠ፣ ተቀባዩ ገበሬ ሳይሆን የጦር ሰፈር ነበር።

ይህን ንጽጽር አጉልቶ ስለ ድህነት መርሳት አይገባም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት ከታቀፉት ወረዳዎች ናቸው። መሬቱ ተሸርሽሯል፣ ቤተሰቡ በዝቷል፣ ማሳው ተቆራርጧል። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ የሚያዘቀዝቀው የስማዳ ቆላ ዝናብ ሲያጥረው ሰዉ ይሰደዳል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ባካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ከአማራ ክልል የምሥራቅ ደጋዎች ብዙ ቤተሰብ ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ወርዷል። ከዚያ በፊት በደርግ ጊዜ፣ በ1977ቱ ድርቅ ማግስት፣ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ጋምቤላ ተወስዷል፤ አብዛኛው የወሎ ሰው ነበር። ጥቂት የማይባለው ሳይወድ በግድ ተጭኖ ሄደ።

እነዚህ ሰዎችም የሰፈሩት በመንግሥት ቃል ነው። ጫካውን የመነጠሩት፣ ወባውን የተጋፈጡት፣ በቆሎና ሰሊጥ ያበቀሉት እነርሱ ናቸው። በመተከል መሬቱን ቀድሞ የሚያውቀው፣ በየተራው አሳርፎ የሚያርሰው፣ በዱሩ የሚያድነውና ማር የሚቆርጠው የጉሙዝ ሰው ግን ስለ መምጣታቸው አልተጠየቀም። ሁለቱ ድኾች ያለ ምክክር ጎን ለጎን እንዲኖሩ ተደረጉ። ብዙዎቹ ራሳቸው መንገድ አበጅተው ነበር፤ አበልጅ ሆኑ፣ በእኩል አረሱ፣ በአንድ ገበያ ተገበያዩ። መንግሥት ተለወጠ፤ የአስተዳደር ወሰን በብሔር ተሠመረ። እዚያው የተወለዱና ሌላ አገር የማያውቁ ሰዎች መጤ ተብለው ተፈናቀሉ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ብዙ ናቸው። ይህ ግፍ ማመካኛ የለውም። የአንድ ቦታ ተወላጅ ልጅ የአባቱን የጉዞ ሰነድ እንዲያቀርብ ሊጠየቅ አይገባም። የመጀመሪያው አጥፊ ግን ካርታ ላይ ጣቱን አስቀምጦ እዚህ ይስፈሩ ያለው ሹም ነው፤ ለሰፋሪውም ለነባሩም የጎረቤትነት ቃል ኪዳን የሚያስሩበትን ጊዜና ሽማግሌ ነፈጋቸው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጋፋት ሌላ መልክ ታገኛለች። ሲወደስላት የሚሰማው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የኢንዱስትሪ መንደር መባሏ ነው። በቢሾፍቱ የተቋቋመው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በስሟ ተጠርቷል፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ጋፋት ብሎታል። ሁለተኛው ስያሜ ከመጀመሪያው ይሻላል። ንጉሡ ከእንግዶቹ የፈለጉት ዕውቀት መድፍ ከማቅለጥ ይልቅ ማረሻ ማሻሻል፣ ወፍጮ ማቆም፣ ድልድይ መገንባት ቢሆን ኖሮ፣ ከዙሪያው ያለው ገበሬ ለጋፋት የሚናገርላት ነገር ይኖረው ነበር። ቴዎድሮስን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ በዙሪያቸው የነበረውን ጠላት ለቆጠረ ሰው ግን ጥድፊያቸው ይገባዋል። ፍርዱ ግን ፍርድ ነው፤ በጋፋት የእጅ ባለሙያ ተከብሮ ነበር፣ ጎረቤት አልሆነም።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል፣ የክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ እንዲሁም በየወረዳው ያሉ መምህራን አንድ ሥራ ከፊታቸው አለ። የዋልድማየርን፣ የፍላድንና የሌሎቹን መጻሕፍት ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ ተጠናክሮ ይቀጥል፤ ከዚያም በላይ ግን መድፉ ባለፈባቸው የጋይንት ቀበሌዎች ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙት ይጻፍ። ማን ጎተተ፣ የማን በሬ ተወሰደ፣ የማን አያት ለጋፋት እንግዳ እንጀራ ጋገረች፣ ወናፍ ነፊዎቹ ከየትኞቹ መንደሮች መጡ? በእስቴና በላይ ጋይንት ድንችን በመጀመሪያ የተከሉት ቤተሰቦች እነማን እንደነበሩ በቤተሰብ የሚነገር ነገር ካለ እርሱም ይሰብሰብ። በቤተልሔምና በዙር አምባ ተማሪ የሚያበሉ ቤቶች ዛሬም አሉ፤ የእነርሱም ስም እንደ መምህራኑ ስም በመዝገብ ይስፈር። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የጋይንት፣ የእስቴ ወይም የስማዳ ልጅ ቤት ውስጥ አያት ካሉት፣ ዛሬ ቁጭ ብሎ ይጠይቃቸው፣ የነገሩትንም በእጁ ይጻፍ።